ምግብ የሚያፈስ ኳስ በሰንሰለት ላደገ ውሻ

የዚህ ግምገማ ጉዳይ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ ባሉ ጥቂት የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫዎችና በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች የሚገኘው፣ ውስጡ ባዶ የሆነና ሲንከባለል በአንድ ቀዳዳው በኩል ደረቅ የውሻ ምግብ ጥቂት በጥቂት የሚያፈስ የላስቲክ ኳስ ነው። የተሠራበት ዓላማ ውሻው ምግቡን ከሳህን ላይ በአንድ ትንፋሽ ከመጨረስ ይልቅ እየገፋ፣ እየተከተለና እያሸተተ እንዲያገኘው፣ በዚያውም ሰውነቱንና አእምሮውን እንዲያሠራ ማድረግ ነው። እኔ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ካለ አንድ መደብር በ1,850 ብር ገዝቼዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ኳሱ ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ከካርቶኑ ወጥቶ መሬት ላይ ስለ ተወረወረለት ብቻ የሚጫወትበት የአዲስ አበባ የግቢ ውሻ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከዕቃው ጥራት ይልቅ ስለ አጀማመሩ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ገዝተው አንድ ጥግ የጣሉት ሰዎች ቅሬታም በአብዛኛው የሚመነጨው ከአጀማመሩ ነውና።

ኳሱን የሞከርኩበት ውሻ ዳማ ይባላል። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ እናቱ የሀበሻ ውሻ ናት። የቀድሞ ባለቤቶቹ ዘመዶቼ ሲሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ግቢያቸው ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ወደ ኮንዶሚኒየም ስለ ገቡና አራተኛ ፎቅ ላይ ሊያኖሩት ስላልቻሉ ቀበና ወደሚገኘው ግቢያችን መጣ። ዳማ እንደ አብዛኞቹ የከተማችን ውሾች ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ተፈትቶ ያደገ ነው፤ ሥራው መጮኽ፣ ደመወዙ ትራፊ ነበር። ኳስ ለእርሱ የሰፈር ልጆች ከአጥር ወዲያ የሚያንቀረቅቡት፣ አልፎ አልፎ አጥር ዘሎ ሲገባም በጩኸት የሚቀበለው ነገር እንጂ የሚጫወትበት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ይህን ያነሣሁት የውሻውን ታሪክ ለማውራት ሳይሆን፣ በውጭ አገር የሚጻፉ የዚህ ዕቃ ግምገማዎች ሁሉ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሳሎን ውስጥ በመጫወቻ ተከቦ ያደገን ውሻ ይዘው ስለሚነሡ ነው። የኛ ውሾች መነሻቸው ሌላ ነው።

ኳሱ ሰማያዊ ሲሆን ስፋቱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ላስቲኩ ወፍራም ነው፤ በሁለት እጅ ተጨምቆ በመጠኑ ይገባል እንጂ አይጣመምም። በቀዳዳው ላይ የሚዞር ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ሲዞር ቀዳዳው ይሰፋል ወይም ይጠብባል። ወደ ውስጥ ሲመለከቱም ምግቡ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ እንዳይወጣ የሚያግድ ጠመዝማዛ ግድግዳ ይታያል። ዕቃውን ከተራ ኳስ የሚለየውም፣ ለእኔ ግምት ዋጋውን የሚያወጣለትም ይህ ቀለበት ነው። ቀለበት የሌላቸውና በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ ተመሳሳይ ኳሶች በዚያው መደብር ነበሩ፤ የእነዚያ ቀዳዳ መጠን አንድ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ውሻ ከባድ፣ ለለመደው ደግሞ ቀላል መሆናቸው አይቀርም።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። መደብሩ ውስጥ ከሰማያዊው ጎን ቀይም ነበር፤ ለሰው ዓይን ደምቆ የሚታየው ቀዩ ስለሆነ ብዙ ገዢ የሚያነሣውም እርሱን ነው። ሆኖም ጄይ ናይትዝ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በካሊፎርኒያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት፣ ውሻ ቀለም የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ብቻ እንዳሉት፣ ሰማያዊንና ቢጫን ሲለይ ቀይና አረንጓዴን ግን አንዱን ከሌላው ለመለየት እንደሚቸገር አሳይቷል። በዚህ መሠረት ሣር ላይ የወደቀ ቀይ ኳስ ለሰው ዓይን ቦግ ብሎ ቢታይም ለውሻው ከሣሩ ብዙም አይለይም። ሣር ያለው ግቢ ላላቸው ሰዎች ሰማያዊውን መምረጥ ይበጃል፤ ግቢያቸው በሲሚንቶ ለተለበጠ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ውሻ አዲስ ነገር ይወዳል ወይስ ይፈራል የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ዳንኤል ሚልስ የተባሉ የብሪታንያ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሾቹ ከለመዷቸው መጫወቻዎች ጋር አንድ አዲስ ተጨምሮ ሲቀርብላቸው ከ50 ሙከራዎች በ38ቱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ አዲሱ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው አዲስ ኳስ ለውሻው ማቅረብ ብቻ ይበቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን መጫወቻን የሚያውቅ ውሻ አዲስ መጫወቻ ሲያይ፣ አዲስ የሆነበት ዕቃው እንጂ ጨዋታው አይደለም። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ዕድሜው ያየውንና የለመደውን ነገር ካደገ በኋላ በቀላሉ ይቀበላል፤ በዚያ ጊዜ ያላየውን ግን በጥርጣሬ መመልከቱ የታወቀ ነው። ያን ዕድሜ ቆርቆሮ አጥር ሥር በሰንሰለት ያሳለፈ ውሻ ፊት የሚንከባለልና የሚንኳኳ ነገር ሲቀርብለት ያየው መጫወቻን ሳይሆን ወደ ግቢው የገባ እንግዳን ነው።

ዳማ ያደረገውም ይህንኑ ነበር። ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጬ ዘወር ስል፣ ክብደቱን ሁሉ በኋላ እግሮቹ ላይ ጥሎ አንገቱን ብቻ ወደፊት ዘረጋ። ጆሮዎቹ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይሉ ነበር። አፍንጫው ኳሱን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነፋስ ኳሱን በትንሹ አንቀሳቀሰው፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ጮኸበት። ከዚያም ኳሱን ዙሪያውን ዞሮ፣ እግሩን አንሥቶ ሸናበትና ወደ ቤቱ ገባ። ነገሩ ቢያስቅም መጥፎ ምልክት አልነበረም፤ ወንድ ውሻ ምልክቱን የሚያኖረው ከግዛቱ ሊቆጥረው በሚችለው ነገር ላይ ነው።

ዕቃውን የሸጠልኝ ወጣት «ጋሼ፣ ሞልተው ይወርውሩለት፤ እሱ ራሱ ያውቅበታል» ብሎኝ ነበር። ከካርቶኑ የወጣችው ወረቀትም በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የምትናገረው ከዚህ አልዘለለም፤ ምግብ ሙላ፣ ለውሻህ ስጥ፣ ካርቶኑን አስወግድ። ይህ ምክር ኳስ ለለመደ ውሻ ያገለግል ይሆናል። ለዳማ ዓይነቱ ውሻ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ አንድ ጊዜ ያስደነገጠውን ዕቃ መልሶ ማስወደድ ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ ከማስለመድ እጅግ የረዘመ ሥራ ይጠይቃል።

አጀማመሩን ከሽታ ማድረግ ይሻላል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ያሉት ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ሲገመት የውሻ ግን እንደ ዝርያው ከ200 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል፤ ስለሆነም ውሻ አንድን ነገር ማወቅ የሚጀምረው በመልኩ ሳይሆን በጠረኑ ነው። አዲስ ላስቲክ ደግሞ ከባድ የፋብሪካ ጠረን አለው። ኳሱን በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ዳማ በሚተኛበት ጆንያ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ከዚያ በኋላ ባዶውን ከምግብ ሳህኑ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያንከባልለውም። ውሻው ኳሱን እያየ ይበላል፤ ኳሱ ምንም አያደርገውም። ሳህኑና ኳሱ በየቀኑ ጥቂት እየተቀራረቡ ሄደው በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆኑ። በዚህ ደረጃ ውሻው ኳሱን ችላ ብሎ የሚበላ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ችላ ማለቱን እንደ አለመውደድ ቆጥሮ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ምግቡን ከሳህኑ ወደ ኳሱ ማዛወር ነው። በመጀመሪያ በኳሱ ዙሪያ፣ ከዚያም ከሥሩ ገባ አድርጎ ጥቂት ፍሬ ማስቀመጥ ውሻው ምግቡን ለማንሣት ሲል ኳሱን በአፍንጫው እንዲገፋ ያስገድደዋል። በቀዳዳው ከንፈር ላይ የጉበት መረቅ መቀባትም በጣም ይረዳል። ጉበቱ የተቀቀለው ያለ ጨው፣ ያለ ቅመምና ያለ ሽንኩርት መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ የወጥ ትራፊ ለውሻ መስጠት በከተማችን የተለመደ ስለሆነ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጎዳ በመሆኑ፣ ቀዳዳውን በወጥ መረቅ መቀባት ውሻውን ቢያስጎመጅም ሊያሳምመው ይችላል። ቋንጣም በበርበሬና በጨው ስለሚታሽ ለዚህ አይሆንም። በዐቢይ ጾም ሉካንዳዎች በሚዘጉበት ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሮ መጠቀም ይቻላል።

ቀለበቱ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ውስጡም ከግማሽ በላይ ተሞልቶ ኳሱ ሲቀርብ በትንሽ ንክኪ ብዙ ምግብ ያፈስሳል። ዳማ ይህን ያወቀው በድንገት ነው። የቀዳዳውን ከንፈር ሲልስ ኳሱ ግማሽ ዙር ዞረና ሦስት አራት ፍሬዎች ሲሚንቶው ላይ ተንኳኩተው ወደቁ። ቆመ፤ ፍሬዎቹን አየ፤ ኳሱን አየ። ፍሬዎቹን ለቅሞ ከበላ በኋላ ወደ ቀዳዳው ተመልሶ ላሰ፤ ምንም አልወጣም። ትንሽ ጠብቆ በአፍንጫው ጫን አድርጎ ገፋው፤ ወጣ። ጅራቱ ያን ጊዜ ነው የተንቀሳቀሰው። በእንዲህ ያለው ሰዓት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢያጨበጭብ ወይም ልጆች ሊያሳዩት ኳሱን ቢመቱለት ውሻው ትኩረቱን ወደ ሰዎቹ ያዞራል፤ ራቅ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «ጎበዝ» ማለት በቂ ነው። አፍንጫውን ይዞ ወደ ኳሱ ማስጠጋት ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

ቀለበቱን ማጥበብ የሚገባው ውሻው ኳሱን ሲያይ ሳይጠራ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያውም በጥቂት በጥቂቱ። በአንድ ጊዜ ከጠበበ ውሻው ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ ሰብሮ ሊያወጣው በጥርሱ ይይዘዋል። በነገራችን ላይ አገፋፉ ከውሻ ውሻ ይለያያል፤ ዳማ እስከ ዛሬ በአፍንጫው ብቻ የሚገፋ ሲሆን፣ ኳሱን አውሼው የነበረ ጎረቤቴ ያለው ውሻ ግን በሁለት የፊት እግሮቹ እየቆፈረ ነው የሚያንከባልለው። ሁለቱም ይሠራሉ።

የግቢያችን ጥበቃ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው አዛውንት፣ ይህን ሁሉ ሲከታተሉ ቆይተው «ልጄ፣ ውሻ ካጫወቱት ዘበኝነቱን ይተዋል» አሉኝ። አስተያየታቸው የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ውሻውን ቀን የሚያስረው «እንዲከፋ» ነው። ነገር ግን ፈንጂና ዕፅ እንዲያሸቱ በየአገሩ የሚሠለጥኑ የፖሊስ ውሾች ለሥራቸው የሚከፈላቸው በአብዛኛው ሥጋ ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ የተደበቀውን ነገር ሲያገኙ አሠልጣኙ ኳስ ወይም የተጠቀለለ ፎጣ ይወረውርላቸዋል። ጨዋታ የሥራ ፍላጎታቸውን አላጠፋውም፤ ይልቁንም የተመረጡት ለጨዋታ ባላቸው ጉጉት ነው። ዳማም ሌሊት በር ሲንኳኳ እንደ በፊቱ ይጮኻል። የቀነሰው ቀን ላይ በሰንሰለቱ ዙሪያ እየዞረ ያለምክንያት የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ አባባም ይህን ታዝበዋል፣ ምንም እንኳ ምክንያቱ ኳሱ ነው ለማለት ገና ባይፈቅዱም።

ኳሱ የእግር ጉዞን ይተካል ወይ ለሚለው መልሴ አይተካም ነው። ይሁንና በመሐል አዲስ አበባ ውሻ ይዞ መንገድ መውጣት ቀላል እንዳልሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ መኪናው፣ የመንገድ ውሾቹ፣ ከውሻ የሚሸሸው እግረኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ሁሉ አለ። ጎህ ሲቀድ ካልሆነ በቀር እኔም ዳማን ይዤ ወደ መንገድ አልወጣም። በቀሪው ጊዜ ግቢ ውስጥ የሚሠራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ኳሱ ለዚህ በሚገባ ያገለግላል። አንድ ሳህን ምግብ በኳሱ በኩል ሲቀርብለት ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞረዋል፤ ከዚያም ያለወትሮው ተኝቶ ያርፋል። ሩጫው ኃይለኛ ባለመሆኑ ዕድሜያቸው ለገፋ ውሾችም ሆነ አጥንታቸው ገና ላልጠና ቡችሎች ከመዝለል የተሻለ ነው። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ምግብ በልተው ወዲያው ከሮጡ ሆዳቸው ተነፍቶና ተጠምዝዞ ለሞት ሊያደርሳቸው ስለሚችል፣ ከኳሱ በኋላ ሌላ የሩጫ ጨዋታ ማስከተል አይገባም።

ሰዎች ከሚያነሡት ቅሬታ ሁለተኛው ውሻው ወዶት ቆይቶ ሰለቸው የሚለው ነው። ይህም የሚጠበቅ ነው። ጆን ብራድሾው የተባሉት የብሪታንያ ሊቅ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ውሾች አንድ መጫወቻ በተደጋጋሚ ሲሰጣቸው ፍላጎታቸው ቶሎ እንደሚቀንስ፣ መጫወቻው በሌላ ሲለወጥ ግን ወዲያው እንደሚመለስ አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ ኳሱ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ መንከባለል የለበትም። ውሻው ገና እየፈለገው ሳለ፣ ምግቡ ሲያልቅ አንሥቶ ከዓይኑ መሰወርና በማግስቱ ማውጣት ፍላጎቱን ያቆያል። ውስጡ የሚገባውን ነገር መለዋወጥም እንዲሁ ያግዛል፤ አንድ ቀን ደረቁን የውሻ ምግብ ብቻ፣ አንድ ቀን በመካከሉ የተቀቀለ ካሮት ጣል እያደረጉ መስጠት ይቻላል።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሳነጻጽረው፣ በጣም ርካሹ ተፎካካሪ ባዶ ሃይላንድ ነው። ክዳኑና ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ወጥቶ ውስጡ ጥቂት ፍሬ ምግብ ሲጨመርበት ድምፁም ጨዋታውም ለውሻ ደስ የሚል ነው፤ ኳሱን ከመግዛቱ በፊት ውሻው እንዲህ ያለውን ጨዋታ ይቀበል እንደሆነ መሞከር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ምንም አያጣም። ሆኖም ፕላስቲኩ ሲታኘክ ስለታም ስብርባሪ ስለሚሆን ሰው ሳይኖር መተው አይቻልም፤ መታኘክ እንደ ጀመረም መጣል አለበት። የሰፈር ልጆች የሚሠሩት የካልሲ ኳስ ለመጎተት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክሩን የሚውጥ ውሻ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል። የቴኒስ ኳስ ፀጉራም ገጽ አሸዋ ስለሚይዝ ዘወትር የሚያኝከውን ውሻ ጥርስ ይሸረሽራል። በበዓል ማግስት ስለሚወረወረው የበሰለ አጥንት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይሰነጠራል፣ ጉሮሮም ይወጋል።

በዚያው መደብር በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ገመድ፣ በገመዱም ጫፍ የጨርቅ ጅራት ያለበት መጫወቻ አለ። ድመትና ወፍ ሲያይ የሚያሳድድ ውሻ ካለ ከኳሱ ይልቅ ይህ ፈጥኖ ይማርከዋል፤ ሰው እየያዘ ስለሚያንቀሳቅሰው ግን ያለ ሰው አይሠራም፤ በሲሚንቶ ላይ ድንገት መዞርና መዝለል ስላለበት ለመገጣጠሚያም አይመችም። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን መደርደሪያውን ሳይሆን ውሻውን ማየት ይገባል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ኮንግ የተባለው የላስቲክ መጫወቻ የተወለደው እንዲሁ ነው፤ ጆ ማርክሃም የተባለው አሜሪካዊ ፍሪትዝ የሚባል ጀርመን ሼፐርዱ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ ተመልክቶ፣ ቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን የጣለውን የላስቲክ ዕቃ ውሻው አንሥቶ ሲያኝክ ባየ ጊዜ ሐሳቡን ከዚያ አገኘ፤ ድርጅቱንም እ.ኤ.አ. በ1976 መሠረተ። የመረጠው ውሻው ነው።

የኳሱ ጉድለቶች ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ድምፁ ነው፤ በሲሚንቶ ወይም በኮብል ላይ ሲንከባለል፣ ውስጡም ያለው ምግብ ሲንኳኳ፣ ማለዳ ላይ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ግቢ ለሚጋሩ ቤቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ ክብ በመሆኑ መድረስ ወደማይቻልበት ቦታ ይገባል፤ የኛው ዘወትር የሚያርፈው ከሮቶው መቆሚያ ሥር ነው፣ ዳማም ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ እየጮኸ ሰው ይጠራል። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ ያለበት ግቢ ደግሞ ኳሱ ከመሰጠቱ በፊት ቱቦውን መሸፈን አለበት። ሦስተኛው ክረምት ነው። ጭቃው በቀዳዳው ገብቶ ከምግቡ ፍርፋሪ ጋር ይለወሳል፤ ጠመዝማዛው ግድግዳም በጣት ስለማይደረስ ካልታጠበ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ ብቻ ነው ሊያጸዳው የሚችለው፤ አምራቹ ኳሱን ለሁለት የሚከፈት አድርጎ ቢሠራው ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። ቀለበቱም ከጊዜ በኋላ ላላ ብሎ በጨዋታ መሐል በራሱ መዞር ጀምሯል፤ እስካሁን ባያስቸግርም የዕቃው ደካማ ጎን ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ሁለት ውሻ ባለበት ግቢ አንድ ኳስ መግዛት ጠብ መግዛት ነው፤ ውሾቹ እስከዚያን ቀን በሰላም አብረው የበሉ ቢሆኑም እንኳ ለየብቻ፣ በር ተዘግቶባቸው መሰጠት አለበት። ትንንሽ ልጆችም ውሻው እየበላበት ያለውን ኳስ እንዳያነሡበት መንገር ያስፈልጋል፤ ኳሱ ለልጁ መጫወቻ ቢመስለውም ለውሻው የምግብ ሳህኑ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ መወደዱ የታወቀ ስለሆነ 1,850 ብር ለአንድ የውሻ ኳስ ሲሰማ ቢያስደነግጥም ከቀረው ገበያ የወጣ አይደለም። ሆኖም ሙሉ ዋጋ የሚያስከፍል መደብር ቢያንስ አጀማመሩን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ቢሰጥ፣ ሻጩም ስለ ውሻው ዕድሜና መጠን ቢጠይቅ መልካም ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም። ይህ ትንሽ ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳየው የመጠን ነገር ነው፤ በገዛሁበት ጊዜ ከዚህኛው ሌላ የነበረው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሹ ብቻ ሲሆን፣ በአነስተኛ ዋጋው ምክንያት የትልልቅ ውሾች ባለቤቶችም ሲገዙት አይቻለሁ። ከውሻው የክራንቻ ጥርሶች ኋላ ሊያልፍ የሚችል ኳስ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። እንደ ዳማ ላለ ውሻ ትልቁ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ትልቁ ባልቀረበበት ቀንም መደብሩ ትንሹን ከሚሸጥ ገዢውን ቢመልስ ይሻላል። ጥርሱ የወላለቀ ወይም ዓይኑ የደከመ አሮጌ ውሻ ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ባይገዛ ይመረጣል፤ የዕለቱን ምግብ በሣር ወይም በጆንያ ላይ በትኖ እያሸተተ እንዲለቅም መተው ለእንዲህ ያለው ውሻ በቂ እንቅስቃሴ ነው፤ ወጪም የለበትም።